ምስክሩ ሳይናገር የተጻፈ ቃል

ሰኞ ጠዋት የችሎት ጸሐፊዋ ቢሮዋን ከፍታ ስትገባ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የማታውቀው ኮምፒውተር ተጎልቶ ጠበቃት። ቀጭን ነው፣ ጥቁር ነው፣ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ያ ወፍራሙ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራው የድሮ ኮምፒውተሯ የለም። የቆመበት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አበራችው። ሳያጓራ፣ ሳይንተፋተፍ በራ። የሐይቅ ፎቶ መጣ፤ ፎቶው ላይ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ የሷ ፕሮግራም ምልክት ግን የለም። ከላይ እስከ ታች ፈለገችው። መነጽሯን አድርጋ ደገመችው። የለም።

በፍርድ ቤቱ ግቢ «ቃል በቃል» ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊቷ ባይሆንም ከኋላዋ። ስሙ የወጣላት፣ ሰው የተናገረውን እንጂ ሊናገር ያሰበውን ስለማትጽፍ ነው። ምስክር ቢያስል «ሳል» ብላ ታስገባለች። ዳኛ ተሳስተው ራሳቸውን ቢያርሙ ስሕተቱም እርማቱም ይገባል። አንድ ጊዜ አንድ ጠበቃ በየቃሉ መሃል የሚሰነቅረውን «እንትን» ከጽሑፉ ላይ እንድታወጣለት ቢለማመጣት፣ «አይበሉት፣ አልጽፈውም» ብላው ሄዳለች። ጠበቃው እስካሁን እሷ ያለችበት ችሎት ሲገባ «እንትን» ሊል አፉን ይከፍትና ዐይኑ ጣቶቿ ላይ ያርፋል።

የምትጽፍበት መኪና ከተራ የጽሕፈት መኪና ይለያል። ቁልፎቹ ጥቂት ናቸው፤ ብዙውን ባንድ ጊዜ ትጫናቸዋለች፤ ባንድ ጭነት አንድ ቃል፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ሐረግ ይወጣል። እንዲህ ካልሆነ የሰው አፍ ላይ አይደረስም። የሚወጣው ግን ላላወቀው ሰው ዶሮ የጫረው ነው። ያንን ጭረት ወደ ሰው ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራሙ ነው፤ ፕሮግራሙን ደግሞ ቃል በቃል ያስተማረችው እሷ ነች። ለ«ክቡር ፍርድ ቤት» አንድ ጭነት። ለ«አላስታውስም» አንድ ጭነት፤ ምስክር ከሚናገረው ግማሹ እሱ ነውና። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ወደ አዲሱ ፕሮግራም ከተዛወሩ ቆይተዋል። እሷንም ለሥልጠና ጠርተዋት ነበር፤ «የኔው ሲሞት ጥሩኝ» ብላ ቀረች።

የኮምፒውተር ጠጋኙን አስጠራችው። የሱም ስም የወጣለት በሥራው ነው፤ ምን ዓይነት ችግር ቢነግሩት የመጀመሪያ መልሱ አንድ በመሆኑ «አጥፍቶ አብሪው» ይሉታል። ካቻቪቴውን የሸሚዙ ኪስ ላይ ሰክቶ መጣ።

«እትዬ፣ አጥፍተው አብርተውታል?»

«መች በራና ነው የማጠፋው? የኔ ፕሮግራም የት ገባ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና አስረዳት። ቅዳሜና እሑድ ከላይ በመጣ ትእዛዝ የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች በሙሉ ተነሥተዋል። የሱ ሥራ ፋይሉን መገልበጥ፣ ዲስኩን ማጠብ፣ ዕቃውን ወደ መጋዘን መላክ ነበር። የሷን ሁሉ ገልብጧል፤ ፕሮግራሙም ከነማኅደሩ፣ የችሎት ማስታወሻዎቿም ከነቀናቸው እዚሁ አዲሱ ውስጥ አሉ። «ምንም አልጠፋብዎትም፣ አይስጉ» አላት። ትንፋሿ መለስ አለ። ከዚያ ፕሮግራሙን ሁለቴ ቢጫነው፣ ኮምፒውተሩ በትሕትና መለሰለት፤ ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም።

«ይኸው፣ አልጠፋም» አለች ቃል በቃል። «አለ። ግን አይሠራም።»

ይህን እየተባባሉ ሳለ ነው ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ የመጣችው። የቢሮው መስኮት ወደ ኮሪደሩ ይከፈታል፤ ባለጉዳይ ክርኑን አስደግፎ የሚያወራው እዚያ ነው። ሴትየዋ ከሥራዋ በቀጥታ እንደመጣች ያስታውቃል፤ ቀሚሷ ላይ የክር ብጥስጣሽ ተጣብቋል። ለይግባኝ የጠየቀችው የምስክር ቃል ደርሶ እንደሆን ነው የጠየቀችው። ማመልከቻው ተመርቶ ከአለቃዋ ጠረጴዛ የወረደው ዓርብ ማታ ነበር፤ ቃል በቃል ዛሬ ልታወጣው ነበር ያሰበችው።

ጉዳዩን ታስታውሰዋለች፤ ችሎት ላይ የጻፈችው እሷ ነች። ልብስ ሰፊዋን ያሳደገቻት አክስቷ ነች፤ አክስቲቱ ስትሞት የአክስቲቱ ወንድም ልጅ መጣና ቤቱ የኔ ነው ብሎ ከሰሳት። አክስቲቱ በወረቀት የተወችው ነገር የለም። በአፏ ስትናገር የሰማ ሰው ግን አለ፤ ጎረቤት የነበሩ አንድ ጡረተኛ ዘበኛ። ሽማግሌው ቀርበው አንድ ጠዋት ሙሉ መሰከሩ። ዳኛዋ ማስረጃው አይበቃም ብለው ቤቱን ለወንድምዬው ልጅ ፈረዱ። ልብስ ሰፊዋ ይግባኝ አለች። የይግባኙ ቀነ ገደብ ዓርብ ነው።

«እሳቸውን እንደገና ማስመስከር አይቻልም?» ብሎ ጠጋኙ ጣልቃ ገባ።

ልብስ ሰፊዋ ባለፈው ወር ሽማግሌውን በሽታ እንደጣላቸው ነገረችው። ግማሽ አካላቸው አይንቀሳቀስም፤ አፋቸው ተይዟል። ሰው ሲያናግራቸው ዐይናቸው እንባ ያቀራል እንጂ ቃል አይወጣቸውም። የተናገሩት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በዶሮ ጭረት።

ቃል በቃል «እስከ ሐሙስ ይደርሳል» አለቻት። ለምን እንደዚያ እንዳለች እሷም አታውቅም። አፏ ቀደማት።

ማታ ቤት ገብታ እራት ላይ ይህን ስታወራ ልጇ ሳቀችባት። ልጅቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የእናቷን ፕሮግራም እንደ ታላቅ ወንድሟ ነው የምታውቀው፤ ከሷ በፊት ነውና ቤተሰቡ ውስጥ የገባው።

«እማዬ፣ እኛ ጋ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት እናስወግዳለን። አንቺ ግን ትውጪዋለሽ።»

የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ ለሚስቱ ወገነ። ለሱም አዲስ አውቶቡስ ሰጥተውታል፤ በሩ ካልተዘጋ ንቅንቅ አልልም የሚል። «ተሳፋሪዬ ደግሞ በሩ ላይ ካልተንጠለጠለ የተሳፈረ አይመስለውም» አለ። «ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ፌርማታ ላይ ስጨቃጨቅ። ከሰው ጋር አይደለም የምጨቃጨቀው፣ ከበር ጋር ነው።» ቃል በቃል አልሳቀችም። ሐሙስ ብላ ቃል ገብታለችና እራቱን ሳትጨርስ ሳህኗን አነሣች።

ማክሰኞ በጥገና አለቀ። ጠጋኙ ፕሮግራሙን ለማታለል አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ የድሮ ኮምፒውተር የሚያስመስል ሌላ ኮምፒውተር ሠራለት። ስክሪኑ መሃል ትንሽ መስኮት ተከፈተች፤ ውስጧ ያ የምታውቀው ግራጫ ቀለም መጣ፤ ፕሮግራሙም ብቅ አለ። ቃል በቃል ወንበሯን አስጠጋች። ፕሮግራሙ ግን ከመከፈቱ ተዘጋ፤ ፈቃድዎ ጊዜው አልፏል፣ አምራቹን ያነጋግሩ ይላል። ፈቃዱ የተሰጠው ለድሮው ኮምፒውተር ነበር። እዚያ እስካለ ድረስ ማን ነህ የሚለው አልነበረም፤ አዲስ ቤት ሲገባ ግን እንደገና ይጠይቃል። የድሮው ደግሞ ታጥቧል።

አምራቹ ጋ ስልክ ተደወለ። ጠርቶ ጠርቶ ተነሣ። ያነሣው ሰው ፍራሽ ቤት መሆኑን ነገራቸው፤ ስለ ፕሮግራም የሚጠይቁት የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆኑም ጨመረ። ባለሁለት ሰው ፍራሽ ግን በጥሩ ዋጋ አለኝ አለ።

በዚህ መሃል አለቃዋ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ አዲሱ ኮምፒውተር እንዴት እንደሆነላት ጠይቋል። ሁለተኛው ላይ «ቆንጆ ነው፣ ፎቶው በተለይ» አለችው። እሱም ደስ ብሎት ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት አጥፍቶ አብሪው እየሮጠ መጣ። ሐሳቡ የመጣለት ጥርሱን ሲፍቅ ነው። ፕሮግራሙ ፈቃዱ ማለፉን የሚያውቀው የኮምፒውተሩን ቀን አይቶ አይደል? ቀኑን ወደ ኋላ እንመልሰው። በትንሿ መስኮት ውስጥ ያለውን ካላንደር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ነዳው፤ ፈቃዱ ሕያው ወደነበረበት ዘመን። ፕሮግራሙን ተጫነው። ተከፈተ።

ተከፈተ! ቃል በቃል ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። የሽማግሌውን ማስታወሻ ጠራችው፤ የዶሮው ጭረት መስመር በመስመር እየተገለበጠ የሰው ወሬ ሆነ። በሯን ዘጋች። ሳል ሳሉን፣ ዝምታ ዝምታውን፣ «እ» «እ»ውን እያየች እስከ ሥራ መውጫ አረመችው። ፕሮግራሙ እንደ ሁልጊዜው መጨረሻው ላይ የማረጋገጫ ገጹን በራሱ ጨመረ። አተመችው፤ ከታች ፈረመች። ልብስ ሰፊዋ ጋ ደውላ «ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ» አለቻት። ሴትየዋ «እድሜ ይስጥልኝ እትዬ» አለች።

የይግባኝ መዝገብ ቤቱ ሰውዬ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ነው የሚያነብበው። ከመጨረሻው ገጽ ነው የሚጀምረው። ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን ተቀብሎ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ፤ ቀና ብሎ አያት፤ እንደገና አነበበ።

«እትዬ፣ ነቢይት መሆንዎን አላውቅም ነበር» አላት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ክሱ ገና ሳይከፈት፣ ምስክሩ ገና ሳይናገሩ፣ እርስዎ ጽፈው ጨርሰው፣ አረጋግጠው ፈርመዋል።» ጣቱን ቀኑ ላይ አሳረፈ። «አክስቲቱም በዚያን ጊዜ በሕይወት ሳይኖሩ አይቀሩም።»

አየችው። ፕሮግራሙ የማረጋገጫ ገጹ ላይ የጻፈው የትንሿን መስኮት ቀን ነው። ከሥሩ የሷ ፊርማ አለ። የሽማግሌውን እያንዳንዷን ሳል ያረመችው ሴት ያንን ገጽ አላነበበችውም። ሁልጊዜ ያው ስለሆነ አንብባው አታውቅም፤ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ዐይኗ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ፊርማው መስመር ነው። ሰውዬው ወረቀቱን በጨዋ ደንብ አጥፎ መለሰላት፤ እስከ ነገ ሥራ መውጫ ድረስ ጊዜ እንዳላት ነገራት፤ ከዚያ ካለፈ ግን አባቱም ቢመጣ እንደማይቀበል።

ቢሮዋ ተመልሳ ቀኑን ልታስተካክል ብትሞክር የማረጋገጫ ገጹ አይነካም። ተቆልፏል። ማንም ሰው በኋላ ገብቶ እንዳይነካካው ተብሎ ነው የተቆለፈው፤ ይህን ለስንቱ ጠበቃ አፏን ሞልታ ተናግራለታለች። ቀኑ እንዲስተካከል የኮምፒውተሩ ቀን መስተካከል አለበት። የኮምፒውተሩ ቀን ሲስተካከል ደግሞ ፕሮግራሙ አይከፈትም።

«ከፍተን እንቀይረው» አለ ጠጋኙ። «በድሮው ቀን እንክፈተው። ከገባን በኋላ እሱ ሳያይ ቀኑን ወደ ዛሬ እንመልሰው። ከዚያ ያትመዋል።»

ዘዴው ለሷም ትክክል መሰላት። በድሮው ቀን ከፈቱት። እሱ ካላንደሩን ወደ ዛሬ ነዳው። ስክሪኑ ለአፍታ ደረቀ። ከዚያ አንዲት ቀይ መስኮት ብቅ አለች፤ የሰዓት ማጭበርበር ታይቷል፣ ፕሮግራሙ ተዘግቷል። ጠጋኙ ቀኑን ወደ ኋላ መለሰው። ቀይዋ መስኮት። ወደ ፊት። ቀይዋ መስኮት። አጠፋው፣ አበራው። ቀይዋ መስኮት። ረቡዕ ሙሉ ቀን ያረመችው ጽሑፍ ፕሮግራሙ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። የታተመው ቅጂ እጇ ላይ አለ፤ ግን በቀላሉ ወደ ኮምፒውተር አይመለስም፤ በዚያ ላይ በሐሰት ቀን አረጋግጣ የፈረመችበት ወረቀት ነው። ከሱ ላይ ገልብጣ በአዲስ ቀን ብትፈርም፣ ከየት መጣ ሲባል የምትመልሰው የለም። ንጹሕ ሆኖ የቀረው የችሎቱ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ያልተገለበጠው፣ ጥሬው ጭረት። እሱ ያለ ፕሮግራሙም ይከፈታል፤ አዲሱ ፕሮግራም ግን የሷን ጭረት አያውቀውም።

«አጭበርባሪ?» አለች። ድምጿ ቀጥኗል። «እኔን ነው?»

«እኔንም ጭምር ነው እትዬ» አለ ጠጋኙ፣ የሚያጽናናት መስሎት።

ተነሥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማ የጠፋ ጃንጥላን የሚመለከት ማስታወቂያ አነበበች፤ ምን እንዳለ ሳይገባት ደገመችው። ፕሮግራሙን ብታገኘው ትመታው ነበር። አለቃዋን ብታገኘው ትናገረው ነበር። ራሷንም ሳትረሳ፤ ለሥልጠና ሲጠሯት እንደ ሹመኛ የተጀነነችውን ራሷን። ግን ማንንም አላገኘችም፤ ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነች። ደረሰኙን ልትቀበል ነው የመጣችው።

ምን እንዳጋጠማት ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። «ታዲያ ጠፍቷል ማለት ነው?» ብቻ አለች።

«አልጠፋም» አለች ቃል በቃል። «አለ። ግን…» ሰኞ ለጠጋኙ የተናገረችው ቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልድ አይደለም።

ዳኛዋ ችሎት ጨርሰው ቢሮ ገብተው ነበር። ቃል በቃል ቆማ አስረዳቻቸው። ችሎት ላይ «ጸሐፊዋ የመጨረሻውን ይመልሱልን» ሲሉ ከጭረቱ ላይ ቀጥታ አንብባላቸው ታውቃለች፤ ያ ግን አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት ነው። አሁን ሙሉውን ጠዋት እንዲሁ ጮክ ብላ አንብባ፣ ሰው ባዶ ወረቀት ላይ እንዲተይብላት፣ ማረጋገጫውንም በእጇ ጽፋ እንድትፈርምበት ፈቃድ ነው የምትለምነው። ዳኛዋ ደንቡን አውጥተው አነበቡ። ጸሐፊው ያረጋግጣል ይላል፤ በምን እንደሚያረጋግጥ አይልም።

«እኔም አብሬ እፈርማለሁ» አሉ። «ነገ ከሰዓት ግን የለሁም፤ ከምሳ በፊት ካልደረሰ ወይዘሮ፣ ይቅርታ።»

የምትተይብ ሰው ፈለገች። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ሁሉ ችሎት አላቸው። የቀረው ጠጋኙ ነው። እሱም የራሱ ጥፋት ያህል ስለተሰማው እሺ አለ። ቁልፎቹ ላይ ሲቀመጥ ግን በሁለት ጣቱ ነው የሚተይበው፤ ጣቶቹ በየፊደሉ ላይ እያንዣበቡ፣ እንደ ዶሮ ጥሬ እየለቀሙ።

«አንተ፣ የኮምፒውተር ሰው ነህ እኮ!»

«ጠጋኝ ነኝ አልኩ እንጂ ጸሐፊ ነኝ መች አልኩ?»

ሐሙስ ከሰዓቱ በዚህ አለፈ፤ ዓርብም ማልደው ቀጠሉ። ክፍሉ ስለሚታፈን በሩን ከፍተውታል። ልብስ ሰፊዋ ከውጭ አግዳሚው ላይ ነች፤ ሥራ አልገባችም። ቃል በቃል ስክሪኑ ላይ የተደረደረውን ጭረት በጣቷ እየተከተለች ታነብባለች። ስታነብብ ሳታስበው የሽማግሌውን አነጋገር ትይዛለች፤ ጭረቱ የተጻፈው በድምፅ ነውና ቆም ያሉበት ቦታ እሷንም ያስቆማታል።

«እኔ እንኳ የገባሁት አምፖል ልቀይርላት ነው። ወንበር ላይ ቆሜያለሁ። እሷ አልጋዋ ላይ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ልጅቱን ጠራቻት። ይቺ ቤት ያንቺ ናት አለቻት። ያንቺ ናት፣ ሌላ ማን አለኝ አለች። እኔ አምፖሉን ይዤ ቀረሁ።»

ጠጋኙ ተየበ። አጎንብሳ አየችው። «ምስክሩ ሟች ቤቱን ለተከሳሿ መስጠታቸውን ሰምቻለሁ ብለዋል» ይላል።

«ይሄን ማን አለ?»

«ያው ነው እኮ እትዬ፣ አሳጠርኩት እንጂ…»

«ያው አይደለም። አምፖሉ የት ሄደ?»

«አምፖሉ ለፍርድ ምን ይሠራል?»

«ምን እንደሚሠራ ዳኞቹ ይወስኑ። አንተ የአምፖል ፈራጅ ነህ?»

አጠፋው። አምፖሉን አስገባው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እ… እ…»ውን ዘለለ፤ ተያዘ። «ሳል»ን ዘለለ፤ ተያዘ። ጠጋኙ ላብ አጠመቀው። አንድ ጊዜ ካቻቪቴውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ኮሪደሩን ዞሮ ተመለሰ። እሷም ውሃ አስመጣችለት እንጂ ይቅርታ አላለችውም።

ረፋዱ ላይ የወንድምዬው ልጅ ጠበቃ ሽማግሌውን የጠየቀበት ቦታ ደረሱ። ጠበቃው አክስቲቱ በመጨረሻው ወር አእምሮዋን እንደሳተች አስረድቷል፤ እና ይህ የቤቱ ንግግር በየትኛው ወር ነው ብሎ ጠየቀ። ቃል በቃል ጭረቱን አየችው። ከዚያ አነበበችው።

«ወሩን እንጃ። ከክረምት በፊት ይሁን በኋላ… ዝናብ ነበር መሰለኝ። አይ፣ እንጃ። ዕድሜ ነው።»

የጠጋኙ ጣቶች አየር ላይ ቀሩ። በሩ ክፍት ነው። ከውጭ የአግዳሚው እንጨት ሲንቋቋ ተሰማ። ጠጋኙ ወንበሩን አዙሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቺን ብንዘላትስ? ፕሮግራሙ እንደሆነ ሞቷል። ይሄንን ጭረት ከእርስዎ በቀር የሚያነብበው ሰው የለም። ሽማግሌውም…» አልጨረሰውም።

እውነቱን ነው፤ እሷም ከሱ ቀድማ አስባዋለች። አንድ መስመር ነው። ጣቷን አንድ መስመር ወደ ታች ዝቅ ብታደርግ ያበቃል። ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ያንገላታት ማሽን፣ አጭበርባሪ ያላት ማሽን፣ አንዴ እንኳ ለሰው ቢጠቅም ምን ነበረበት? ወደ በሩ አየች። የቀሚስ ጫፍ ይታያታል፤ ክር የተጣበቀበት። ጣቷ መስመሩ ላይ እንዳለ ቆየች። ጠጋኙ ጠበቀ።

«ጻፍ» አለች። «ወሩን እንጃ።» ከዚያ ቀስ እያለች እንደገና አነበበችለት፣ ዝናቡንም፣ ዕድሜውንም፣ አንድም ሳታስቀር።

ከምሳ በፊት ደረሰ። ዳኛዋ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆመው ፈረሙ። መዝገብ ቤቱ ሰውዬ እንደ ልማዱ ከመጨረሻው ገጽ ጀመረ። በእጅ የተጻፈውን ማረጋገጫ መነጽሩን አስጠግቶ አየው።

«ቀኑን ለምን በእጅ?»

«እጄ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ስለሚያውቅ» አለች።

ሳቅ አላለም። ማኅተሙን አሳረፈበት፤ ደረሰኝ ቆርጦ በመስኮቱ አሳለፈ። ደረሰኙን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። ደረጃው ራስ ላይ አብረው ቆሙ። አመሰግናለሁ ትላለች ብላ ነበር ቃል በቃል የጠበቀችው።

«ያቺን እንጃ ያሉትን ሰማኋት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አውቃለሁ።»

«ጠጋኙም ዝለይው ሲልሽ ሰማሁ።» እስካሁን አንቱ ስትላት ነበር። «ማን ያይሽ ነበር?»

ቃል በቃል ያሰበችበትን መልስ ሰጠቻት። የዚያኛው ጠበቃ ጥያቄውን የጠየቀው ራሱ ነው፤ መልሱን አይረሳውም። ከጽሑፉ ላይ ካጣው የተቀረውም ሁሉ የተነካካ ነው ይላል፤ ያን ጊዜ አምፖሉም፣ ያንቺ ናት የተባለውም ቃል አብሮ ይወድቃል። ልክ የሆነ መልስ ነው። ለራሷ ጆሮ ግን እንደ መዝገብ ቤቱ ሰውዬ ነበር የሚሰማት።

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች፤ መስማማት ይሁን ድካም አይለይም። «ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም» አለች። «ቤቱን ቢወስዱብኝ ግን ያቺን ሰዓት አልረሳትም። ጣትሽን በበሩ አይቼዋለሁ፣ ቆሞ ነበር።» ከዚያ ደረጃውን የብረት ዘንጉን ይዛ ወረደች። ቃል በቃል እስክትሰወር ድረስ ቆማ አየቻት፤ አልተከተለቻትም፤ ምን ትበላት።

ቢሮ ስትመለስ ጠጋኙ እጆቹን እያፍታታ ነው። የተቀሩትን የድሮ ማስታወሻዎች ምን እናድርጋቸው ብሎ ጠየቃት፤ ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው የተናገረው ነው፤ እሷ ካላነበበችው ማንም የማያነብበው። ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

«ሰኞ አዲሱን ፕሮግራም አስገባልኝ» አለችው።

«እውነትዎን ነው? ሥልጠናውንስ?»

«ሥልጠናውንም እገባለሁ። እነዚህን ግን አንድ በአንድ አነብባቸዋለሁ፤ አንተም ትተይባለህ።» መነጽሯን አወለቀች። «እስከዚያ ድረስ አሥሩንም ጣትህን አስተምራቸው፣ እባክህ።»